ከኋላ የጠበቁ ቪቶች

በ4፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ይኼን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የትኛው መኪና መቼ ገባ፣ ምን ተደረገለት ብዬ ልመዘግብበት። ሚስቴ አየችውና "ይልቅ ሆድህ ውስጥ የሚንጫጫውን ጻፍበት፤ እኔን ከምታደርቀኝ" አለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሟ "ከአልጋ እንዳትነሺ" ካላት ዐሥር ቀን ሆነ። የምትተኛው እሷ፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ። እና ይኸው ጻፍኩ።

ሥራዬ የሪሞት መኪና መጠገን ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። "መጫወቻ ነው እንዴ?" ይላል። መጫወቻ የሚለው ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ የተወዳዳሪዎቹ ማኅበር አባላት ሲሽቀዳደሙ ይይ! ሽበት ያወጣ ሰው በአንድ ጎማ የተነሳ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ የመሮጫው ሜዳ አለ፣ ከጀርባው የኛ ክፍል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መብራት። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። መኪናው መሃል ይቀመጥና ጋሼ የፊቱን ይሠራሉ፣ እኔ የኋላውን። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነን። ተሠርቶ ሲወጣ ማን ምኑን እንደነካ የሚጽፍ የለም። ለአዳራሹ ባለቤት ለእትዬ ሁለታችንም "ጠረጴዛው" ነን። "ጠረጴዛው ምን አለ?" ይላሉ፣ በቃ።

የዓመቱ ውድድር ስምንት ሳምንት ቀርቶታል። የአባላቱን ሠላሳ አንድ መኪና ፈትተን፣ አጽድተን፣ መልሰን ገጥመናል። ዘንድሮ ከኋላ አንዲት ቪት፣ አንዲት ብሎን አትወልቅም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አምና በመጨረሻው ዙር የአንዱ መኪና የሞተር ቪት ወልቃ ሜዳው መሃል ቀረ። ያ ሳምንት... ሌላውን አልጽፈውም። ብቻ ዘንድሮ የኋላ ቪቶቹን እንዳይላሉ የቀባኋቸው በሰማያዊው ኮላ ሳይሆን በቀዩ ነው። ሰማያዊው ነገ ለሚፈታ ነገር ነው። የቀዩ ጠርሙስ ላይ ግን "ለዘለቄታው" ይላል። ታዲያ የምንፈልገው እሱን አይደል? ደግሞ አንዳንድ ጠብታ ነች። አንድ ጠብታ ምን ታመጣለች?

በ6፣ ረቡዕ

የአንዱ አባል፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ መኪና ተመለሰ። አዲስ ሞተር ገዝቷል፣ ቀይሩልኝ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኗን ቁልፍ፣ ብሩጎላዋን፣ ከትቼ ጠመዘዝኩ። እምቢ። ትንሽ ጨመርኩ። ቀጭ አለችና ቁልፌ በባዶ ዞረ። ስድስት ማዕዘን የነበረው ቀዳዳ ክብ ሆኖ ቁጭ!

የዘንድሮ ቪት ከሳሙና ነው እንዴ የሚሠራው?

ሐኪሙ ከትከሻዬ ኋላ ቆሞ "ይኼ የመንጋጋ ጥርስ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ነቅዬ እጅህ ላይ ባስቀመጥኩት" ይለኛል። ሳቅሁ። ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። በቁልፉና በቪቷ መሃል ላስቲክ አድርጌ ሞከርኩ፣ አልያዘም። በስተመጨረሻ በትንሿ መቁረጫ ጭንቅላቷ ላይ መስመር አወጣሁና በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወጣች። አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ቪት ሁለት ሰዓት በላችኝ።

በ9፣ ቅዳሜ

ሌላ አንድ። አሁንም ከኋላ። ርካሽ ቪት ነው። እትዬ ከየት እንደሚያስመጡት እንጃ።

ሚስቴ ደህና ነች። አራት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው "ብትፈልግ ስልኩን ሆዴ ላይ ላስቀምጥልህ፣ ራስህ ጠይቀው" አለችና ዘጋችው።

በ12፣ ማክሰኞ

ሁለት መኪና በአንድ ጠዋት። ጋሼ የፊቱን ፈትተው ጨርሰው እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁኛል። እኔ ከአንዷ ቪት ጋር እታገላለሁ።

"የፊቱ እንደ ቅቤ ነው የሚፈታው" አሉ። "የኋላው ብቻ ነው ያኮረፈው። ምን ይሆን?"

"እርጥበት ይሆናል።"

"እርጥበት ከፊት አይገባም?"

መልሼ ቪቷ ላይ አቀረቀርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠራረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ የወጣችውን ቪት ከሳህኑ አንስተው በብርሃን አዞሩና ተመለከቷት። ጥርሶቿ መሃል ቀይ ነገር ደርቋል። መልሰው አስቀመጧት።

"እርጥበት ነው እንግዲህ" አሉ።

አላዩትም። ዓይናቸው ደክሟል፣ እንዲህ ያለች ነገር አያዩም።

በ17፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

አማቴ ከነሻንጣቸው መጥተው ሳሎን ሰፈሩ። ለእርዳታ ነው የመጡት፤ ለኔ ግን እንደ ቁጥጥር ነው። "ልጄ፣ አንተ ለምን አርፈህ አትቀመጥም?" ይሉኛል በየሩብ ሰዓቱ። የማልቀመጠው ቤቱ አደገኛ ስለሆነ ነው! ይኼ ቤት ምን ያህል ጠርዝ እንዳለው ከዚህ በፊት አስተውዬው አላውቅም። ምንጣፉን አነሳሁት፣ እግሯን እንዳይጠልፋት። የመታጠቢያውን በር ቁልፍ ነቀልኩት፣ ገብታ እንዳይቆለፍባት። ጫማዋን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት።

"ጫማዬስ ምን አደረገህ?" አለች።

"ካየሽው መነሳት ያምርሻል።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ ወይስ እስረኛ?"

አማቴ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ኩሽና ሄጄ የውሃውን ቧንቧ አጠበቅሁ። አይንጠባጠብም ነበር። ዝም ብዬ አጠበቅሁት። ከዚያ መክፈት አቃታቸው፣ እኔው ተጠርቼ ከፈትኩላቸው። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም ምን ላድርገው?

ባለፈው የሆነው በአምስተኛው ወር ነበር። አሁን ስድስተኛው ላይ ነን። አልፈነዋል ማለት ነው። ይኼን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ።

በ21፣ ሐሙስ



ባትሪ ልወስድ ወደ መጋዘኑ ስሄድ የእትዬ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ናቸው። ዘጠኝ መኪና በቪት ምክንያት ተመልሶ መጥቷል ይላሉ። "ጋሼ ናቸው" አሉ እትዬ። "እጃቸውን አላየኸውም? መነጽራቸውንስ? ምን ያህል እንዳጠበቁ አይታወቃቸውም። እኔ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አባላቱን ማጣት አልችልም። ውድድሩ ሲያልቅ በክብር አሰናብታቸዋለሁ።"

ሐኪሙ "እኒያ ሽማግሌ ያሳዝናሉ፣ ብቻቸውን አይደል የሚኖሩት?" አለ።

በሩን ገፋ ማድረግ ነበረብኝ። ሦስት እርምጃ ነው። "እኔ ነኝ" ማለት ደግሞ ሁለት ቃል ነው። እግሬ ተተከለ። ባትሪውን እንኳ ሳልወስድ ተመለስኩ። ጋሼ ቀና ብለው "ባትሪውስ?" አሉ። "የለም" አልኩ። ለባትሪም ዋሸሁ።

አሁን እኔን ቢያባርሩኝ፣ በዚህ ወር፣ ሚስቴ እንደተኛች፣ ምን ብዬ ልነግራት ነው? ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ነገሩን በልኩ ማሰብ አለብኝ። ጋሼ እኮ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ? ልሰርዘው ነበር። ይቀመጥ።

በ22፣ ዓርብ

ዛሬ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ።

እንግዳ ነበረባቸው።

ሰኞ።

በ27፣ ረቡዕ

ሰኞ አልነገርኩም፣ ማክሰኞም። ግን መላ አገኘሁ። ሁሉንም ቪት ቀስ በቀስ እኔው አወጣቸዋለሁ፣ በሰማያዊው ኮላ መልሼ እገጥማለሁ። ሠላሳ አንዱ ካለቀ ችግሩ የለም። ችግሩ ከሌለ ጋሼን የሚያሰናብት ምክንያት የለም። ለማንም መንገር አያስፈልግም ማለት ነው!

ጋሼ ለምሳ ሲወጡ እኔ እቀራለሁ። አሁን ሙያውን ተክኜዋለሁ። ቀዩ ኮላ የሚፈራው ሙቀትን ብቻ ነው። የብየዳ ካውያውን ጫፍ ቪቷ ጭንቅላት ላይ አስቀምጦ እስከ ሠላሳ መቁጠር። ከዚያ ሳትቀዘቅዝ፣ ቁልፉን ቀጥ አድርጎ፣ ወደታች ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ ጢቅ ትላለች። ያቺ ድምፅ ስትሰማ ልቤ ቦታው ይገባል። ቀዳዳዋ ተበልታ ከሆነ ደግሞ በትንሹ የምትበልጥ ባለ ኮከብ ጫፍ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መትቶ ማስገባት። ትይዛለች። መጣደፍ ግን አይወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙ ላይ ነኝ።

ተመልሰው ከመጡት ዘጠኙ ጋር ዐሥራ አንድ መኪና ጨርሻለሁ። ሃያ ይቀራል።

በ29፣ ዓርብ

ሆነ። የፈራሁት ሆነ። በምሳ ሰዓት ካውያውን ሞተሩ ሥር አስቀምጬ እየቆጠርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ልቤ ቆመ። ሳነሳው "ጨው የት ነው የምታስቀምጡት?" አሉኝ። ጨው! ዞር ስል የማርሽ ጥርሶቹ ማቀፊያ፣ ያ ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ቀልጦ ወርዷል።

ከሰዓት እትዬ አዩት። እኔን አይደለም ያዩት፤ ጋሼን ነው። "ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

ጋሼ ቀልጦ የወረደውን ፕላስቲክ አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ የቪቱ ሳህን ውስጥ ቪት እፈልግ ነበር።

"ይስተካከላል፣ እትዬ" አሉ።

በ1፣ እሑድ፣ አዲስ ወር፣ ከሰዓት

አማቴ ልብስ ሊያጥቡ የሥራ ጃኬቴን ኪስ ሲፈትሹ ቀዩን ጠርሙስ አገኙት። ቤት የማመላልሰው ጠረጴዛው ላይ እንዳይታይ ነበር። ለሚስቴ ሰጧት። ስገባ ትራሷ ላይ ተደግፋ ጠርሙሱን በሁለት ጣቷ ይዛው ነበር።

"ምንድን ነው?"

"የቪት ኮላ።"

"ለምን ኪስህ ውስጥ ገባ?"

እሷን መዋሸት አልችልም። ነገርኳት። ስለ ቪቶቹ፣ ስለ ጋሼ፣ በር ሥር ስለሰማሁት ነገር። አማቴ ባልዲያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ሰሙ። እንዳትደነግጥ ብዬ በየመሃሉ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እላለሁ። የደነገጥኩት ግን እኔ ነበርኩ።

"የት ላይ ነው የቀባኸው?"

"የኋላው ሁሉ ላይ።"

"ሠላሳ አንድ መኪና?"

"ሠላሳ አንድ።"

ጠርሙሱን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና እጄን ያዘች። "ስማኝ። ልጃችንን አምና ያጣነው አንተ ሳታጠብቀው ቀርተህ አይደለም። ሐኪሟ ነገረችን፣ አብረን ነው የሰማነው። ሰምተሃል?"

አለቀስኩ። ሌላ ምን እጽፋለሁ፣ አለቀስኩ። አማቴ ባልዲውን ይዘው ቀስ ብለው ሄዱ።

"በል፣ ነገ ንገራቸው" አለች ሚስቴ። "ሥራውን ብታጣ ታጣለህ። እኔ አልደነግጥም። ይልቅ እንዲህ ሆነህ ስትገባ ነው የምደነግጠው።"

እሺ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

በ5፣ ሐሙስ

ጋሼ ዛሬ ለምሳ አልወጡም። ቁልፋቸውን አስቀምጠው፣ መብራታቸውን አጥፍተው፣ ወንበራቸውን ወደኔ ዞር አደረጉ።

"ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

አፌ ተከፈተ። እምላለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የወጣው ግን "ሚስቴን ትንሽ አሟታል ጋሼ፣ ለዚያ ነው ሐሳብ የበዛብኝ" የሚል ነው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው ሳትነግረኝ? ምን አሉ ሐኪሞቹ?" አሉ። ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉ። ስለ ሟች ሚስታቸው፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ እንዴት እንደተጨነቁ አወሩልኝ። ያ ልጅ አሁን ባሕር ማዶ ነው፣ በዓመት አንዴ ይደውላል። "እዚህ ወንበር ላይ ባልቀመጥ ኖሮ ድምፄን የሚሰማው ግድግዳ ብቻ ነበር" አሉና ሳቁ። ከዚያም በቀሪው ሰዓት የኔን ድርሻ ጭምር ሠሩልኝ፣ ሄደህ ሚስትህን እያት ብለው።

ሚስቴን ከፊቴ አቁሜ ከኋላዋ ተደበቅሁ። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ማታ ሚስቴ "ነገርካቸው?" አለች። "ዕድሉን አላገኘሁም" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋት።

በ10፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል። ጠዋት ቁርጠት ጀመራት። ኮሪደር ላይ ነው የምጽፈው፣ ተንበርክኬ፣ አግዳሚው ሞልቶ።

ቆመ። መድኃኒት ሰጥተዋት ቆመ። "ልጁ ደህና ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ላይቆይ ይችላል" አለች ሐኪሟ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ፣ ደብተሬ? "ማጥበቅ አይቻልም?" አልኩ። በቁሜ እንዲህ አልኩ። 

በ14፣ ቅዳሜ

ሃያ ሦስት ጨርሻለሁ። ስምንት ይቀራል። ልደርስበት ምንም አልቀረኝም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያለው ሰው የኔን ሆድ አላየም።

ጋሼ ዛሬም ስለ ሚስቴ ጠየቁኝ። ምነው ባልጠየቁኝ ብዬ ተመኘሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው ሰው ደግ ሲሆንለት የሚናደድ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። የመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ "ቸኩሎ ነው" ይባል ነበር። አሁን ግን የኮላው አይደለም ጥፋቴ። የዝምታው ነው፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል።

በ20፣ ዓርብ

እትዬ ውድድሩን አልጠበቁም። ትላንት አንድ አባል የመኪናው ቪት አልፈታ ብላው ራሱ በትራፓኖ ሲበሳ የሞተሩን ፊት ሰነጠቀው። ከቀሩት ስምንቱ አንዱ ነው። ዛሬ ጠዋት እትዬ ጠረጴዛችን ድረስ መጡ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ እንዲያውም ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ብዙ ዓመት አገልግለውናል። አሁን ቢያርፉ ይሻላል።"

ጋሼ ቁልፋቸውን አስቀመጡ። "እትዬ፣ እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔን አላዩኝም። በዚህኛው ጊዜ አላዩኝም። ዕቃቸውን አንድ በአንድ ከመደርደሪያው አንስተው በጨርቅ ጠቀለሉ። አሥራ አራት ቁልፍ፣ ሁለት ፒንሳ፣ ሞረዱ፣ የመነጽራቸው ቤት። ጊዜ ወሰደ። ሙሉውን ጊዜ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ ይደርስባቸዋል።

"ስትወጣ መብራቱን እንዳትረሳ" አሉኝና ወጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ መኪና ሠራሁ። የኋላውን ጨርሼ መኪናውን አዞርኩት፣ የፊቱንም ልሠራ። በዘጠኝ ዓመት መጀመሪያ ማዞሬ ነው። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

በ21፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ጠዋት እትዬ ሳይቀመጡ ነው የያዝኳቸው። "ጋሼ አይደሉም፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ሁለቱ ቃል ይኼው ነበር፣ አይከብድም። እትዬ ግን አላመኑኝም! "ደግ ልጅ ነህ፣ ለሳቸው ብለህ ነው" አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ይታያችሁ፣ ሰው ጥፋቱን ተናግሮ ሲመሰገን።

እጃቸውን ይዤ፣ አዎ የእትዬን እጅ ይዤ፣ ወደ ጠረጴዛው ወሰድኳቸው። ካልተነኩት ሰባት መኪናዎች አንዱን መሃል ላይ አስቀመጥኩ። ብሩጎላውን ሰጠኋቸው። "ይሄንን ከፊት ይፍቱ፣ እትዬ።" በሕይወታቸው ቁልፍ ይዘው የማያውቁ ሴትዮ በሁለት ጣት ፈቱት። "አሁን ይኼን ከኋላ።" ጠመዘዙ። ጠመዘዙ። ጣታቸው ነጭ እስኪሆን።

"የፊቱ የጋሼ ነው። የኋላው የኔ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው የምንሠራው።" ቀዩን ጠርሙስ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እትዬ ቁልፉን ይዘው ቆዩ። "መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሰባት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።"

"ሰባት ሳምንት እዚህ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ?"

"አዎ።"

"ትላንትም?"

"ትላንትም።"

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ "ሰኞ ይመጣሉ። አንተን ማባረር ነበረብኝ፣ ግን ጋሼ 'ይቆይ፣ የዘጋውን ራሱ ይክፈት' አሉ። ሠላሳ አንዱ ሳያልቅ የዕረፍት ቀን የለህም" አሉኝ።

ለሚስቴ ነገርኳት። "እሰይ!" ብላ አጨበጨበች፣ ተኝታ። ጫማዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩላት። ባትለብሰውም ይታያት።

በ23፣ ሰኞ

ጋሼ መጡ። ጨርቁን ፈትተው ዕቃቸውን በየቦታው መለሱ። "ደህና አደሩ ጋሼ" አልኩ። "ደህና" አሉ። ቀኑን ሙሉ ያሉኝ ይኼን፣ "አቀብለኝ" እና "ጨርሻለሁ" ብቻ ነው።

በ26፣ ሐሙስ

ሠላሳ አንዱ አለቀ። የመጨረሻዋን ዛሬ ጠዋት አወጣሁ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሳህኑ ውስጥ ስትወድቅ ሰሟት፣ ቀና አላሉም።

እትዬ ይቅር ብለውኛል፣ የጥርስ ሐኪሙ እንኳ "ነቃይ ሆነሃል፣ ክሊኒኬ ና" ብሎ ቀልዶብኛል። ሁሉም ነገር ቦታው ገብቷል። ታዲያ ምን ቀረ?

በ29፣ እሑድ

ውድድሩ ተካሄደ። ከኋላ ሦስት ቪት ወለቀ፣ በሰማያዊ ኮላ የተገጠሙት። ሰዉ አንስቶ ገጥሞ ቀጠለ። ማንም አልሞተም።

ማታ ሚስቴ "ጋሼስ?" አለች።

"ዝም እንዳሉ ናቸው። ምን እንደፈለጉ አላውቅም። ለእትዬ ነግሬያለሁ፣ ሥራቸው ተመልሷል..."

"ለሳቸው ነገርካቸው?"

"እትዬ ነግረዋቸዋል።"

"እትዬን አልጠየቅኩህም።"

በ3፣ ሐሙስ

ወለደች። ከቀኗ ስድስት ሳምንት ቀድማ፣ ዛሬ ንጋት ላይ። ሴት ነች። ማሞቂያ ውስጥ ናት፣ በመስታወት አየኋት። እጇ የአውራ ጣቴን ያህል ነው። ትተነፍሳለች። ነርሷ "ትንሽ ናት እንጂ ጠንካራ ናት" አለችኝ። ሚስቴ ደህና ነች፣ ተኝታለች፣ ከልቧ ተኝታለች።

አማቴ "አሁንስ ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

በ5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ሚስቴን ሆስፒታል ላያት ስገባ "ሂድ" አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትም።

ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ከውድድሩ በኋላ ሰው የለም። የአንድ መኪና የፊት ክንድ እየገጠሙ ነበር። በቆምኩበት "ወለደች፣ ጋሼ" አልኩ።

ቁልፉ ቆመ። "ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ሴት ነች። ትንሽ ናት።"

"ተመስገን። ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

እንደገና ሚስቴን አስቀድሜ ልወጣ ነበር። ልጄንም ጨምሬ። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነው፣ "ላበስርዎት ነው" ብዬ መሄድ እችላለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ በዚያው ይታረቁኛል፣ ሁሉም ይረሳል። ያንን አውቄ ነው የቆምኩት።

"ጋሼ፣ ኮላው የኔ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እርስዎ ሲወቀሱ ሰምቻለሁ፣ በር ሥር ቆሜ። ፕላስቲኩን ያቀለጥኩትም እኔ ነኝ። የጠየቁኝ ቀን ሚስቴን ምክንያት አድርጌ ዋሸሁዎት። ዕቃዎን ሲጠቀልሉም ቁጭ ብዬ አየሁ።"

ቀና አላሉም። የያዟትን ቪት እስከ መጨረሻዋ ገጠሙ፣ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው አዩዋት።

"አውቃለሁ" አሉ። "ያቺን የመጀመሪያዋን ቪት ያየሁ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"የኔ አልነበረማ የምናገረው።" መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል። "እትዬ በስልክ ስትነግረኝ እሱ የት አለ አልኳት። እዚህ አለ አለችኝ። እዚያ ሆነህ፣ ስልኩ አጠገብ ሆነህ፣ በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ከሁሉ እሱ ነው ያመመኝ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ የበላን ሰዎች ነን እኮ፣ ልጄ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

 ከሐሙስ ጀምሮ አልተኛሁም። ጋሼ አዩኝና ወንበሬን በእግራቸው ሳብ አድርገው ወደኔ ገፉልኝ።

"ተቀመጥ" አሉ። "ማንን ትመስላለች?"